ሳይነካ የቆየ የጊታር ክር ይሠራል ወይስ ይጣል?

ስለ ጊታር ክር አቀያየር ከጻፍን ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። የሚገርመው፣ አብዛኛው ጥያቄ ስለ አቀያየሩ አይደለም። ገዝቼ ያስቀመጥኩት፣ ዘመድ የላከልኝ፣ ሱቅ ውስጥ አቧራ ለብሶ ያገኘሁት ክር አሁንም ይሠራል ወይ የሚል ነው። ክር እንደልብ በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ደህናውን ክር አርጅቷል ብሎ የሚጥል ሰው አለ። የዛገ ክር አስሮ ገና ሲቃኘው የሚበጠስበትም አለ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እኛ አዳማ ያለን የመዘምራን ቡድን ነን። ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ አንድ ካርቶን የጊታር ክር ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ገሚሱ በፕላስቲክ የታሸገ ነው፣ ገሚሱ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ተከፍቷል። አንድ ወንድማችን «ጊዜው አልፎበታል፣ ይጣል» ይላል። እሽጉ ላይ ግን ምንም ቀን አልተጻፈም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ሳታዩት አንዱንም እንዳትጥሉ። እሽጉ ላይ የማብቂያ ቀን ያልተጻፈው አምራቹ ረስቶት አይደለም። ክር ብረት ነው። ብረት ደግሞ ዓመት ስለቆጠረ ብቻ አይበላሽም፤ የሚያበላሸው አየርና እርጥበት ነው። አየርና እርጥበት ካላገኘው ሰባት ዓመትም ቢቀመጥ፣ ከዚያም በላይ ቢቀመጥ፣ እንደ አዲስ ይጮሃል። ካገኘው ግን ጥቂት ወራት ይበቁታል።

ክሩ ከምን እንደተሠራ ካያችሁ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የአኮስቲክም የኤሌክትሪክም ጊታር ቀጫጭን ክሮች ባዶ የብረት ሽቦ ናቸው። ላያቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስስ የቆርቆሮ ቅብ አለ፣ በቃ። ወፍራሞቹ መሃላቸው የብረት ሽቦ ሆኖ ዙሪያውን ሌላ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ናቸው። አኮስቲክ ላይ ጥምጥሙ ነሐስ ነው፣ ኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ በብዛት ኒኬል የተቀባ ብረት።

ነሐሱ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ወርቃማው ቀለም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል፣ ግን ብዙውን ጊዜ የላይ ላይ መልክ ብቻ ነው። ሳይወለወል የከረመ ጸናጽል መልኩ ይደበዝዛል እንጂ ድምፁ አይጠፋም፣ ይሄም እንደዚያው ነው። ሁሉም ነሐስ ደግሞ እኩል አይጠቁርም። 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ የሆነው ቶሎ ይደበዝዛል። ፎስፎር ብሮንዝ የሚባለው፣ መዳብ ከቆርቆሮና ከጥቂት ፎስፈረስ ጋር የተቀላቀለበት፣ ረዘም ላለ ጊዜ መልኩን ይይዛል። ስለዚህ ፎስፎር ብሮንዝ የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስታ ካርቶናችሁ ውስጥ ካገኛችሁ ለብቻ አስቀምጡት፣ ተስፋ አለው።

የብረቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ብረት ሲዝግ ቀይ ይሆናል፣ ያ ዝገት ደግሞ ሽቦውን ይበላዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር የመጀመሪያው ክር ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ዝገት ትንሽ ሲቆርጥለት ምን ያህል እንደሚቀር አስቡት። ለዚህ ነው በቆየ እሽግ ውስጥ መጀመሪያ የሚበላሹት ቀጫጭኖቹ የሆኑት፣ ወፍራሞቹ ደህና ሆነው ሳለ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ጊታር ላይ ያለ ክር የሚሞተው ጊዜ ስላለፈበት አይደለም። የእጅ ላብና ወዝ ያጠቁረዋል፣ የሞተ ቆዳና ቆሻሻ ጥምጥሙ ውስጥ ይገባል፣ ፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው የብረት ዘንግ፣ ከሥሩ እየመታ ያጎደጉደዋል። እሽግ ውስጥ ያለ ክር ከእነዚህ አንዱም አልደረሰበትም። ወንድማችሁ የጊታሩን ክር በየሁለት ወሩ የሚቀይር ከሆነ «ሰባት ዓመት!» ቢል አይፈረድበትም፣ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ካርቶናችሁ እንሂድ። በፕላስቲክ የታሸገውን ለብቻው አድርጉ። እንደ ዳዳሪዮና ኧርኒ ቦል ያሉ ትልልቅ አምራቾች ክሩን አየር በማያስገባ ከረጢት ማሸግ የጀመሩት ለዚሁ ብለው ነው። ከረጢቱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። እንደ ትራስ ነፋ ብሎ አየሩን ከያዘ አልተቀደደም ማለት ነው። ያንን ያለ ምንም ሐሳብ ተጠቀሙበት። ሲጫኑት ፍስስ የሚል ከሆነ ከወረቀቶቹ ጋር ቀላቅሉት።

የወረቀት ፖስታውንና የተከፈተውን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። ብርሃን ያለበት ቦታ ቁጭ በሉ፣ ነጭ ሶፍት ያዙ። ክሩን ከጥቅልሉ ፍቱት፣ ሶፍቱን አጥፋችሁ ክሩን መሃሉ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት። ቀጭኑ ክር ከሆነና ሶፍቱ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ መስመር ከቀረ፣ ወይም ስትስቡት የሚቆረቁር ነገር ካለ፣ አበቃ፣ እሱ አይታሰርም። ሶፍቱ ንጹሕ ከሆነ ይሠራል። ወፍራሙ ነሐስ ከሆነ ግን ትንሽ ጥቁር ነገር ሶፍቱ ላይ ቢቀር አትፍሩ፣ ደንበኛ ነው። እዚያ ላይ የሚፈራው አረንጓዴ ዱቄት ነው። አረንጓዴ ካያችሁ እርጥበት ገብቶበት ቆይቷል። ከዚያ ጫፉ ላይ ካለችው ትንሿ ቀለበት አጠገብ ሽቦው ተጠምዝዞ የታሰረበትን ቦታ ዓይናችሁን አቅርባችሁ እዩ። ዝገት መደበቅ የሚወደው እዚያ ነው፣ የቆየ ክርም ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው ጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከአንድ እሽግ ውስጥ አራቱ ወፍራሞች ደህና ሆነው ሁለቱ ቀጫጭኖች ዝገው ታገኙ ይሆናል። እሽጉን ሙሉውን አትጣሉ! ቀጫጭን ክር በነጠላ ይሸጣል፣ ከስድስቱም ርካሹ እሱ ነው። ቁጥሩን ብቻ፣ ማለትም የክሩን ውፍረት በኢንች ሺኛ የሚናገረውን፣ ከእሽጉ ላይ አንብባችሁ ያንኑ ግዙ። 10 የሚለው እሽግ ውስጥ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ 13 ነው። 12 የሚለው የአኮስቲክ ከሆነ 12 እና 16።

የተጠራጠራችሁትን ክር ስትቃኙ ፊታችሁን ከጊታሩ ራቅ አድርጉ። ከ12 እስከ 53 ያለው የአኮስቲክ ክር ስድስቱም ሲቃኙ አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። አንዱ ሲበጠስ እየተወረወረ ነው የሚመጣው፣ ዓይን ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ቀስ ብላችሁ ወደ ቃናው አድርሱት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ እንደገና ቃኙት። የመጀመሪያውን ቀን ካለፈ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላም ይኖራል። ለእሑድ አገልግሎት ግን የቆየ ክር ቅዳሜ ማታ አትሰሩ። ሐሙስ እሰሩትና ልምምድ ላይ ይፈተን።

ጥያቄ፦ ልጄ ጊታር መማር ጀምራለች። ደሴ ውስጥ አንድ ሱቅ ክር በግማሽ ዋጋ ሊሰጠኝ ነው፣ እሽጉ ግን ቀለሙ ለቋል። ባለሱቁ ኦሪጅናል ነው ይላል። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ልግዛ?

መልስ፦ እርስዎ ሙዚቃ ባያውቁም የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። የእሽጉ ቀለም መልቀቁ ብቻውን ክሩ ተበላሽቷል አያሰኝም። መስኮት ላይ ፀሐይ መትቶታል ማለት ነው። ችግሩ፣ ብዙ የቆየ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ይደርቅና ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማዕዘኖቹን ይዩ፣ ጫን ብለው ይሞክሩ፣ አየር የማይዝ ከሆነ ዋጋውን ገና ይቀንስልዎ ወይም ይተዉት። ብዙ አይግዙ። አንድ ገዝተው ቤት ይክፈቱ፣ ቀጭኑ ክር ብርማ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ተመልሰው ሁለት ይጨምሩ።

ስለ ኦሪጅናልነቱ፣ የታወቁ ክሮች አስመስሎ የተሠራ እሽግ በዓለም ገበያ ላይ ሞልቷል፣ እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን ያንብቡ፤ የፊደል ስህተት ያለበት የትልቅ ኩባንያ እሽግ የለም። ዳዳሪዮ ከሆነ ክሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት ቀለበቶች የተለያየ ቀለም አላቸው። ይህ ራሱ ለልጅዎ ጥሩ ነው፣ የትኛው ክር የት እንደሚታሰር በቀለሙ ታውቃለች። ግን ቀለሙን አስመስለው የሚሠሩም ስላሉ እሱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አልጠየቁኝም ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከመግዛትዎ በፊት የልጅዎ ጊታር የናይለን ይሁን የብረት ያረጋግጡ። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ግልጽ ፕላስቲክ ከመሰሉ ጊታሩ ክላሲካል ነው። እሱ ላይ የብረት ክር አይታሰርም። የናይለን ክር ስድስቱም አንድ ላይ 40 ኪሎ ገደማ ነው የሚስቡት፣ የብረቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብሪጁ፣ ማለትም ሆዱ ላይ ክሩ የሚታሰርበት እንጨት፣ ይነቀላል ወይም አንገቱ ይጎብጣል። ብዙ የልጆች ጊታር የተሰበረው በዚህ ነው፣ «ክር ክር ነው» ተብሎ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምኖረው። ቅናሽ ሲኖር ብዙ ክር ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። እዚህ አየሩ እርጥብ ነው፣ ቢላዋ እንኳ ይዝጋል። አንዱን ከፍቼ አንድ ክር ብቻ ወስጄ ሌላውን መልሼ አስቀምጬው ነበር፣ በጥቂት ወራት ነጠብጣብ አወጣ። ፍሪጅ ውስጥ ላድርገው? ዘይት ልቀባው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ክር ስታወጪው ቀዝቃዛ ነው፣ የጅዳ አየር ደግሞ ሙቅና እርጥብ። ወዲያው ውሃ ያዝላል። እንደ መንከር ቁጠሪው። ዘይት ቀጭኑን ክር ከዝገት ይጠብቀው ይሆናል፣ የወፍራሞቹ ጥምጥም ውስጥ ከገባ ግን አይወጣም፣ ድምፁንም ያፍነዋል። ገና ሳትጫወቺበት የሞተ ክር ይሆንብሻል።

የምትኖሪው ለክር ከሚከፉት ቦታዎች በአንዱ ነው። ብረት የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ካለፈ በደንብ መዛግ ይጀምራል፣ የባሕር ጨው ካለበት ደግሞ ከዚያም በታች። ጅዳ ሁለቱም አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በበጋ አየሯ ደረቅ ስለሆነ ሰው የተከፈተ ክር መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ በዓመቱ ደህና ሆኖ ያገኘዋል። ያ ሰው «ምንም አይሆንም» ቢልሽ ለራሱ ቦታ እውነቱን ነው፣ ላንቺ ግን አይሠራም።

ያልከፈትሻቸውን አትክፈቺ፣ እሱ ብቻ ግማሽ ሥራ ነው። የከፈትሽውን ግን እንዲህ አድርጊ። ክሮቹን በባዶ እጅ ብዙ አትነካኪ፣ ላብ አለው። ዚፕ ያለው የምግብ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቻቸው። ጫማ ወይም ቦርሳ ስትገዢ የምታገኚያትን «አትብላ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አብረሽ አስገቢ። ውስጧ ያለው ሲሊካ ጄል እርጥበት ይጠጣል። አየሩን ጨምቀሽ አውጪና ዝጊው። ሲሊካ ጄሉ ራሱ እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል፣ አንዳንዴ ቀይሪው። ከዚያ ፕላስቲኩን ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቦታ አስቀምጪ። መስኮት አጠገብ አይሁን፣ መታጠቢያ ቤትና ኩሽና አይሁን፣ ቀን ሙሉ ኤሲ የሚጠፋበትና ማታ የሚበራበት ክፍል ውስጥም ባይሆን ይመረጣል።

ሩዝ አብረሽ እንዳትጨምሪ፣ ብዙ ሰው ይመክራል፣ ዱቄቱ ጥምጥሙ ውስጥ ይገባል።

ወደፊት ስትገዢ ቅብ ያላቸውን ክሮች አስቢባቸው። ኤሊክሲር የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ላይ ሲወጣ ሐሳቡ ይሄ ነበር፤ ክሩን በጣም ስስ በሆነ ፕላስቲክ መሰል ነገር ሸፍኖ ከአየርና ከላብ መለየት። ዋጋቸው ወደድ ይላል፣ አንዳንዱ ሰው ሲነካቸው ይንሸራተቱብኛል ይላል። ላንቺ ቦታ ግን ገንዘባቸውን ይመልሳሉ ብዬ አምናለሁ፣ እሽግ ውስጥ ሳሉም ጊታር ላይ ሳሉም። ነጠብጣብ ያወጣውን ክር ግን በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጊ። ነጠብጣቡ ቀይ ከሆነ በቃ፣ ተይው። የፈገፈግሽው ክር ፍሬቱንም ይበላል፣ ፍሬት ማስቀየር ደግሞ ከብዙ እሽግ ክር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ለገና አገር ቤት ስገባ ለወንድሜና ለጓደኞቹ ክር ልወስድ ነው። በአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ብርድ ይጎዳዋል? ደግሞ ብዙ ብወስድ እስኪጨርሱት ይቆያል?

መልስ፦ ብርዱ ምንም አያደርገውም። እሽጉን ግን አገር ቤት ደርሰህ ሻንጣውን እንዳወጣህ አትክፈተው፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ትንሽ ቆይ። አዲስ አበባ ላይ የታሸገ ክር በቀላሉ ይቆያል። ስለዚህ መቆየቱ አያሳስብህ።

ይልቅ ምን እንደምትወስድ አስብ። ወንድምህን ደውለህ ጊታሩ ምን ዓይነት እንደሆነና ስንት ቁጥር እንደሚጠቀም ጠይቀው። ለኤሌክትሪክ ከ10 እስከ 46 ያለው ብዙ ሰው ይስማማዋል፣ ለአኮስቲክ ከ12 እስከ 53 ወይም ከ11 የሚጀምረው። ሙሉ እሽግ አምስት ከምትወስድ ሦስት ወስደህ በቀረው ገንዘብ ነጠላ የመጀመሪያና ሁለተኛ ክር ግዛ። የሚበጠሰው እነሱ ናቸው። ስንቱ ጊታር ነው አንዲት ቀጭን ክር አጥቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው! እሽጉ ከባድ ነው ብለህ ካርቶኑንና ከረጢቱን እየቀደድክ ክሩን ብቻ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት ግን አደራ። የምታድነው ክብደት ኢምንት ነው፣ የምታጠፋው ደግሞ ዕድሜውን የሚጠብቅለትን ነገር።

ጥያቄ፦ ክላሲካል ጊታር እማራለሁ። የናይለን ክር አይዝግም ይባላል፣ ታዲያ ያልተከፈተ የናይለን ክር ለዘላለም ይኖራል ማለት ነው? ደግሞ አያቴ በገና አላቸው፤ የሱ ክርስ?

መልስ፦ ሦስቱ ግልጽ ክሮች አይዝጉም፣ እውነት ነው። ፀሐይና ሙቀት ካልመታቸው ብዙ ዓመት ይቀመጣሉ። ሦስቱ ወፍራሞች ግን ናይለን ብቻ አይደሉም። መሃላቸው እንደ ሐር የሳሳ የናይለን ፈትል ነው፣ ላያቸው ላይ ብር የተቀባ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ብሩ ይጠቁራል። ብርን የሚያጠቁረው ደግሞ በዋናነት ድኝ ነው፣ እና ድኝ የት እንዳለ ብታውቅ ትገረማለህ። ላስቲክ ውስጥ አለ። ክሮቹን ጠቅልለህ በገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ካሰርካቸው፣ ላስቲኩ የነካበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለበት ታገኛለህ። የነጭ ጋዝ ጭስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ናይለኑን ወረቀት ፖስታው ውስጥ፣ ፖስታውን ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ አድርግ፣ ላስቲክ አታስጠጋ። ትንሽ የጠቆረ ክር ቢሆንም እሰረው፣ ይሠራል። ጥምጥሙ ላልቶ ሲዳሰስ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ይንጫጫል፣ እሱን ቀይር።

ታሪኩን ለማወቅ ያህል፣ ናይለን ጊታር ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ክላሲካል ጊታር በአንጀት ክር ነበር የሚሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቀዶ ሕክምና ስፌት ስለተፈለገ ክር ጠፋ። ኒው ዮርክ ውስጥ አልበርት ኦገስቲን የተባለ የጊታር ሠሪ ከታላቁ ጊታር ተጫዋች ከአንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ ናይለንን ሞከረ። የዛሬው ክርህ የመጣው ከዚያ ነው።

የአያትህ በገና ደግሞ ያንን የቀድሞውን መንገድ ይዞ እስከ ዛሬ አለ። አሥሩ አውታሮች በባህሉ የበግ አንጀት ናቸው። አንጀት ከብረት ይልቅ ለእርጥበት ስሱ ነው፣ ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ይነፋል፣ በጋ ላይ ይደርቃል። አይዝግም፣ ግን ነፍሳት ይበሉታል፣ በጣም ከደረቀም ይሰነጠቃል። ትርፍ አውታር ካላቸው ሳይታጠፍ በሰፊው ተጠቅልሎ፣ ደረቅና ጥላ ያለበት ቦታ፣ ነፍሳት በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ከመታሰሩ በፊት በጣት ስታልፍበት ፀጉር እንደተነሣ ዓይነት ከሻከረ ከዚያ ጋ መበጠሱ አይቀርም። አያትህን ግን ከእኔ በላይ ጠይቃቸው፣ አውታር አዘገጃጀቱን የሚያውቁ ሰዎች እየቀነሱ ነው፣ አጠገብህ አንድ አለልህ።

ጥያቄ፦ ጊታሬን አዲስ ክር አስሬለት ሥራ በዝቶብኝ ለአንድ ዓመት ያህል ሳልነካው ቆየ። ክሩ «ያልተጠቀምኩበት» ይባላል? ቀቅሎ ማደስ ይቻላል የሚባለውስ?

መልስ፦ እሽግ ውስጥ እንዳለ ክር አትቁጠረው። ዓመቱን ሙሉ አየር ላይ ነበር፣ ተወጥሮም ነበር። ደግሞ ስታስረው በእጅህ ነክተኸዋል፣ አንድ ሁለት ዘፈንም ሳትሞክር አልቀረህም። ላቡን ሳትጠርገው ከተውከው ዓመቱን ሙሉ ሲበላው ነው የከረመው። የሶፍቱን ሙከራ እዚህም አድርግ። በተለይ ከፍሬት ሰሌዳው በኩል ያለውን ሥሩን ጥረግ፣ ከላይ የሚያበራ ክር ከሥሩ ዝጎ ይገኛል። ንጹሕ ከሆነ ቃኘውና ተጫወት፣ ድምፁ ካስደሰተህ ማንም ቀይር ሊልህ አይችልም።

መቀቀሉ እውነት ነው፣ በተለይ ቤዝ ተጫዋቾች ያደርጉታል፣ የቤዝ ክር ውድ ስለሆነ። የፈላው ውሃ ጥምጥሙ ውስጥ የገባውን ወዝና ቆሻሻ ያወጣና ድምፁ ለጥቂት ቀናት ይነቃል። ያንተ ክር ግን ቆሻሻ አልገባበትም፣ ካለም ያለበት ዝገት ነው፣ ዝገት ደግሞ ተቀቅሎ አይለቅም፤ በደንብ ካላደረቅኸው እንዲያውም ይጨምራል። ስለዚህ ውሃ አታፍላ። ቀጫጭኖቹን ሁለቱን ብቻ ቀይርና አራቱን አቆያቸው፣ ጊታሩን ካስቀመጥክበት አውጥተህ ዛሬ ማታ ቃኘው።